የዘጠነኛው ወንበር ምርጫዎች

ለእድራችን ዘጠነኛ ወንበር እስካሁን አራት ምርጫ ተካሂዷል። አራቱንም ቆጥሬ ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ማስተዋል እባላለሁ፤ ስሙን እናቴ ያወጣችልኝ ጠባዬን ሳታይ ነው። ቶሎ እናደዳለሁ፣ ሰው ሲያወራ አቋርጣለሁ። ቁጥር ግን አልሳሳትም፤ ለዚህ ነው እድሩ ጆሃንስበርግ ውስጥ ከተቋቋመ ጀምሮ ጸሐፊነቱን የሚቀማኝ የጠፋው።

ስለ በለጥሽ ልጻፍ ብዬ ከምርጫ መጀመሬ ሴትዮዋን ከወንበሩ ለይቶ ማውራት ስለማይቻል ነው። ቮስሎሩስ በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር፣ ከታክሲ ማዞሪያው አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ የተከፈተ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አላት። በፍርግርጉ መስኮት ዳቦና ሳሙና ስታቀብል ያያት ሰው ዝምተኛ ናት ይላል። ይበል። እኔ ያን ዝምታ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስላየሁት አልሸወድም።

እድሩ በፈረንጅ 2012 ሲመሠረት የታሰበው ስምንት ወንበር ነበር። ብዙዎቻችን ወይ ከደቡብ ነን፣ ወይ ከአዲስ አበባና ከሰሜን፤ ስምንቱ ይበቃን ነበር። አንዱ ተነሥቶ «አገር ቤት ፓርላማው እንኳ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች መቀመጫ ይለያል፤ እኛ ምን ቆርጦን ነው የምንረሳቸው?» አለ። ተጨበጨበ። ዘጠነኛ ወንበር ተጨመረና ለወንዝ ማዶ ሰዎች ተለየ። የብሔረሰባቸውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ እዚህ ከተማ ያሉት ሠላሳ ስድስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ከጻፍኩት ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ከአንድ ትልቅ ወንዝ ማዶ ካለ ቆላ ስለመጡ ሁላችንም ወንዝ ማዶ እንላቸዋለን፣ እነሱም ለምደውታል።

ደንቡ ግን አንድ ነገር ነበረበት። የሚወዳደረው ወንዝ ማዶ ይሁን ይላል፤ የሚመርጠው ግን እድርተኛው በሙሉ ነው። ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ለሠላሳ ስድስቱ ተወካይ ይመርጥላቸዋል ማለት ነው። ያኔ ይሄ ማናችንንም አልከነከነንም።

ምርጫው በሰልፍ ነበር። ትሮይቪል የተከራየነው አዳራሽ ግቢ ውስጥ ዕጩዎቹ ይቆማሉ፣ መራጩ ከፈለገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ። በ2012 የቀረቡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ሀቢሶ። ያቀረባቸው ሊቀ መንበራችን ለገሠ ነው። ለገሠ ጄፒ መንገድ ላይ ትልቅ መጋዘን አለው፤ ከቮስሎሩስ እስከ ጻካኔ ያለው ባለ ሱቅ ዕቃ የሚያወጣው ከሱ ነው፣ ጋሽ ሀቢሶም እዚያው መጋዘን ይሠሩ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም ለገሠ። ለቅሶ ቤት ከማናችንም ቀድሞ ይደርሳል። ብቻ አንዴ ያስተካከለው ነገር ሲነካበት አይወድም። ጋሽ ሀቢሶ ያለ ተፎካካሪ ተመርጠው ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤውን ገልጬ ባሳያችሁ፣ በሦስት ዓመት የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «እኔም እንደዚያው።»

በ2014 የበለጥሽ ባል ምሕረቱ፣ እንደሷው የወንዝ ማዶ ሰው፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ደንባችን እድሩ ሬሳ እስከ ቦሌ ያደርሳል ይላል፤ ከቦሌ ወዲያ ያለው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ለእኔ ቢጤው ቦሌ ማለት ቤት ማለት ነው፣ ወንድሞቼ በግማሽ ሰዓት ይደርሳሉ። ወንዝ ማዶ ግን ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ነው፣ ወንዙም በዚያ ሰሞን ሞልቶ ነበር። መርዶው ቤተሰቡ ዘንድ እስኪደርስ ምሕረቱ ቦሌ የዕቃ መጋዘን ውስጥ አራት ቀን ተቀመጠ። በአምስተኛው ቀን የማያውቁት ሰዎች አዲስ አበባ ቀበሩት። እናቱ የደረሱት በሰባተኛው ቀን ነው። አፈሩን አሳይተው መለሷቸው።

በለጥሽ ይህን በስልክ ስትሰማ ለቅሶ ቤቱ ነበርኩ። አልጮኸችም። ተነሣችና ጋሽ ሀቢሶ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ወንበር ላይ ምን ይሠራሉ?» አለቻቸው።

ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ፤ «እስከ ቦሌ» የሚለውን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኛ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እስከ ቦሌ» ተሰርዞ «እስከ ደጁ» እንዲባል። በደንባችን ደግሞ የአንድን ወገን ጉዳይ ለጉባኤ የሚያቀርበው የዚያው ወገን ተወካይ ብቻ ነው። ወንበሩን ካልያዘች ሐሳቡን የሚያነሣላት የለም።

በ2015 ተወዳደረች። አቤት ያ ቀን! ከጋሽ ሀቢሶ ኋላ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው ተሰልፎ፣ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ የውጭ በር ደረሰ። ከበለጥሽ ኋላ ሦስት ሴቶች ቆሙ፤ አንዷ የባሏ እህት ፍሬገነት ናት። ለገሠ ወንበር አውጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለነበር የገዛ የወንዝ ማዶ ሰዎቿ እንኳ እያቀረቀሩ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ሄዱ። እኔስ ብትሉ፣ ጸሐፊ የሚመርጠው መጨረሻ ላይ ነው። እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፣ ለገሠን አየት አደረግሁ፣ የረጅሙ ሰልፍ ጭራ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ከሁለት መቶ ዐሥራ አራቱ አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ጥፋቴን ለማካካስ ይሁን ምን እንጃ፣ «ባንቺ በኩል አራት ብዬ ልጻፍ፣ ከነራስሽ» አልኳት።

«እኔን አይቁጠሩ» አለች። «እኛ አገር ሽማግሌ ሲመረጥ የታጨ ሰው ለራሱ እጁን አያነሣም፣ ነውር ነው። ለሌላኛው ነው የሚያነሣው።»

«እና ለጋሽ ሀቢሶ ልጻፍሽ?»

«ይጻፉ።»

ጻፍኳት! ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ለሦስት። ጋሽ ሀቢሶ አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ። እሳቸውም የዚያው አገር ሰው ናቸው፣ ወጉን ያውቁታል፤ «እኔንም ለሷ ጻፉኝ» ማለት ሲገባቸው ለገሠን አዩና ተዉት።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅስሙ ተሰብሮ እዚያው ይቀር ነበር። እሷ እሑድ እሑድ ከቸርች ስትወጣ ሱቋን ዘግታ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ እዚህ ሎኬሽን ከሚሉት አንዱ የዳር ሰፈር ወደ ሌላው መዞር ጀመረች። «ምረጡኝ» አትልም። እያንዳንዱ ሱቅ በር ላይ ቆማ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። «ማንን እንደመረጥክ ሰው ባያይህ ደስ አይልህም?» ሰው ሁሉ ግራ ቀኙን አይቶ «እንዴታ!» ይላታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትጠይቅ ኖረች። የ2018 ጉባኤ ሲደርስ «ድምፁ በምስጢር ይሁን» የሚል ሐሳብ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ለገሠም ቢሆን ሰው ፊት «አይሆንም፣ ልያችሁ» ሊል አይችልም።

መሣሪያውን ያመጣችው ራሷ ናት። ሁለት ባዶ የቺፕስ ካርቶን፣ አናታቸው የተቀደደ፣ አንዱ ላይ የጋሽ ሀቢሶ፣ አንዱ ላይ የእሷ ፎቶ የተለጠፈባቸው። መጋረጃው የገዛ አልጋዋ አንሶላ ነው። ድምፅ መስጫው ደግሞ እዚህ ሹገር ቢንስ የሚሉት፣ ከሱቋ የመጣ ዥንጉርጉር ቦሎቄ። ለአንድ ሰው አንድ ፍሬ። ከአንሶላው ጀርባ ገብቶ ከሁለቱ ካርቶን በአንዱ ጥሎ ይወጣል። እኔም ገባሁና ለበለጥሽ ጣልኩ። ከአንሶላ ጀርባ ጀግና ነኝ።

ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ጋሽ ሀቢሶ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ፣ በለጥሽ መቶ ዐሥራ ስምንት።

ሰው ሲበተን አንሶላዋን ስታጥፍ አገኘኋት። «በአንዲት ቦሎቄ!» አልኳት። «በአንዲት! ማን ይሆን ያቺን የጣለ?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጋሽ ሀቢሶ ካርቶን ውስጥ ጣልኳት። ነግሬዎት የለም እንዴ? ሰው ለራሱ አይመርጥም።»

በስመ አብ! ደሜ ፈላ። ያቺ ፍሬ ወደ ራሷ ካርቶን ብትገባ ኖሮ መቶ ዐሥራ ዘጠኙ የእሷ ነበር! «አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? ማን ያይሻል? አንሶላውን የሰቀልሽው አንቺ!»

«እኔ አያለሁ» አለችና አንሶላውን ከረጢት ውስጥ ከተተች።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕረፍት አልሰጠኋትም። ሱቋ በሄድኩ ቁጥር «አንዲት ቦሎቄ ሽጪልኝ» እላታለሁ። ትስቃለች እንጂ አትመልስልኝም። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ግን ስትበልጥብኝ እንጂ ስታንስብኝ አልታየችኝም።

በ2021 ምርጫ አልነበረም። ኮሮናው ነው፤ ጉባኤ መጥራት ስለማይቻል ሁሉም ባለበት ቀጠለ። በለጥሽ በዚያ ጊዜ ነው የመንገድ ደብተሯን የጀመረችው። ወንበር የላትም፣ ያዘዛትም የለም። ለሠላሳ ስድስቱ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ከፈተች፦ ከቦሌ እስከ ደጁ መንገዱ በየት በየት ነው፣ መኪና እስከ የት ይገባል፣ ወንዙ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር አይሻገሩትም፣ ጀልባ ያለው ማን ነው፣ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ማን ይደርሳል፣ ቀብር የሚያስፈጽመው የትኛው ሽማግሌ ነው። አንዱን ቁጥር ለማግኘት ወር ሙሉ የደወለችበት ጊዜ አለ። ደብተሩን ባሳየችኝ ቀን እኔ፣ የእድሩ ጸሐፊ ተብዬ፣ አፌን ይዤ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ የጋሽ ሀቢሶ ኩላሊት ደከመ። ጻካኔ አንድ የጓሮ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ሾርባ የምታመላልስላቸው ማን ብትሉ፣ በለጥሽ። «ተፎካካሪሽ እኮ ናቸው» ብላት «ተፎካካሪ አይርበውም?» አለችኝ። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ደብተርሽ ላይ የእኔ መንገድ አለ?» አሏት።

ገጻቸውን ገልጣ አነበበችላቸው። እስከ ከተማው መኪና። ከከተማው እስከ ወንዙ በጭነት መኪና። ከሐምሌ እስከ መስከረም በተማም ጀልባ። ከወንዙ ወዲያ በትከሻ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ሾላው ጋ ወደ ግራ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። እግራቸው ብርድ ልብሱ ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መንገዱን ይሄዱት ነበር።

«ከአባቴ አጠገብ ነው መቀበር የምፈልገው» አሉ። «እድሩ ግን ቦሌ ላይ ይጥለኛል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አንድ ቀን አፌን ብከፍት ኖሮ…» አለቀሱ። በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ፊቴ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው።

«ገና ነው ጋሼ» አለቻቸው በለጥሽ።

ገና ነው ማለት ቀላል ነው! የአንድን ወገን የሚመለከት ደንብ የሚሻሻለው ከምርጫ በኋላ፣ በተመረጠው ተወካይ አቅራቢነት ነው። ጋሽ ሀቢሶ ተነሥተው ከለገሠ ጋር የሚከራከሩበት ጉልበት የላቸውም። እሷ ካላሸነፈች «እስከ ቦሌ» ለሌላ ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ሰውየው ደግሞ ሦስት ዓመት እንደሌላቸው ሐኪሙም ነግሯቸዋል። ለገሠ በ2024ም ያቀረበው እሳቸውን ነው። «ታመው ሳለ ከወንበራቸው ብናነሣቸው ምን ይባላል?» አለ፤ ለክብራቸው አስቦ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እንቢ አላሉትም። ሰው ሁሉ ደግሞ ከሐዘኔታ የተነሣ ለእሳቸው ሊጥል መሆኑን በየታክሲው ሲወራ ሰማሁ። ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ፤ ሰዉ ሰውየውን ከመውደዱ ብዛት ቦሌ ላይ ሊጥላቸው ነው!

የምርጫው ቀን ጋሽ ሀቢሶ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። አንሶላው ተሰቅሏል፣ ካርቶኖቹ ተቀምጠዋል። ዕጩ ከምርጫው በፊት የመናገር መብት አለው። እሳቸው ተጠቅመውበት አያውቁም። ያን ቀን እጃቸውን አነሡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «እኔም» ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር፣ እውነቴን ነው።

«ወገኖቼ» አሉ፤ ድምፃቸው ስለማይሰማ የኋላው ሰው ወደ ፊት ጠጋ አለ። «እንደምትወዱኝ አውቃለሁ። ዛሬ ለእኔ ቦሎቄ የሚጥል ሰው ግን ሬሳዬን ቦሌ ላይ ጥሎ እንደሄደ ይቁጠረው። እኔ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ።» ተቀመጡ።

ለገሠ ኩም ብሎ እጁን አገጩ ላይ አደረገ። ከዚያ ተነሣና ከሁሉ ቀድሞ ቦሎቄውን ተቀብሎ ከአንሶላው ጀርባ ገባ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ቆጠርኩ። በለጥሽ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። የጋሽ ሀቢሶን ካርቶን ገለበጥኩ። አንዲት ቦሎቄ ተንከባልላ ወጣች።

«ጋሽ ሀቢሶ፣ አንድ» ብዬ አነበብኩ። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ማን ነው ጨካኙ? ጋሽ ሀቢሶ ግን አንገታቸውን ወደ በለጥሽ አዞሩ። ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«አንቺ ነሽ!» አሉ። «አንቺው ቦሌ ላይ ጣልሽኝ!»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ነውር ነው!»

ሳቁ። ሳል እያቋረጣቸው፣ እንባቸው እየፈሰሰ ሳቁ፣ አዳራሹም አብሮ ሳቀ። «ያኔም እኮ» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «በ2018ም የእኔን ቦሎቄ የጣልኩት ላንቺ ነው። ከአንሶላው ጀርባ ማንም ስላላየኝ ደፈርኩ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እሷ ለእሳቸው ከጣለች፣ እሳቸውም ለእሷ ከጣሉ፣ ሁለቱም ለየራሳቸው ቢጥሉ ኖሮ ውጤቱ ያው መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ለመቶ ዐሥራ ስምንት ነው! ስድስት ዓመት በአንዲት ቦሎቄ ያቃጠልኳት በከንቱ ነው። ቁጥር አልሳሳትም ያልኩት እኔው! ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ሰው ሁሉ ፊት «ይቅር በይኝ» አልኳት።

በዚያው ስብሰባ በለጥሽ ዘጠነኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሐሳቧን በአንድ ዓረፍተ ነገር አቀረበች። መጀመሪያ እጁን ያነሣው ለገሠ ነው። «እስከ ቦሌ» የሚለውን በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

ጋሽ ሀቢሶ በነሐሴ ወር ዐረፉ። ወንዙ በሚሞላበት ወር። ሬሳው ከቦሌ በተነሣ ማግስት እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቮስሎሩስ በለጥሽ ሱቅ ነበርኩ። ደብተሩን ቆጣሪው ላይ ዘርግታ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ በአንድ እጇ ዳቦ ታቀብላለች። ከተማው ደረሱ፣ ምልክት አደረገች። የጭነት መኪናው ተነሣ፣ ምልክት አደረገች። ወንዙ ዳር ደረሱ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ዳቦ ሊገዙ የመጡ አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ፊቷን አይተው አልሄዱም። «ማማ፣ ማን ነው የሚሄደው?» አሏት። «አንድ አባት» አለቻቸው። «ወዴት?» «ኤካያ» አለች በዙሉ፤ ወደ ቤቱ ማለቷ ነው። ጎጎ የቢራ ሣጥን ስበው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ባለ ጀልባው ተማም ነው፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ። በለጥሽ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ተሻግረዋል። ሾላው ጋ ሲደርሱ ግን አንዲት አሮጊት መንገዱ ላይ ወጥተው አስቆሟቸው አለ። የምሕረቱ እናት ናቸው። «ልጄ በዚህ ሳያልፍ ቀረብኝ፤ ይሄኛውን እደጄ አሳርፉልኝ» ብለው ለመኑ። ሳጥኑን እሳቸው ደጅ አስቀመጡላቸው። አሮጊቷ ሳጥኑን አቅፈው፣ የምሕረቱን ስም እየጠሩ፣ ዐሥር ዓመት የያዙትን ለቅሶ አለቀሱ። ማንም አላቻኮላቸውም። ሲበቃቸው ራሳቸው ተነሥተው «አሁን ውሰዱት» አሉ፣ ጋሽ ሀቢሶም ደጃቸው ገብተው ከአባታቸው አጠገብ ተቀበሩ።

በለጥሽ ስልኩን አስቀምጣ መስኮቱን ተጠግታ የዳቦ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ዓመት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀሰች። ጎጎ ተነሥተው በፍርግርጉ እጃቸውን አስገብተው ራሷን ይዳብሱ ነበር።

እኔ ቃለ ጉባኤውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ሀቢሶ ደጃቸው ደርሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ፣ ከሥሩ «ምሕረቱም» ብዬ ጨመርኩ።